ከ304 የጠፉት ሁለት አልጋዎች

ረቡዕ 13

በከባድ ሐዘን ውስጥ ሆኜ ለዚህ ደብተር የማሳውቀው ነገር አለ። በሦስተኛው ፎቅ፣ በ304 ቁጥር ክፍል ውስጥ ለረጅም ዘመን ተማሪ ሲያስተኙ የኖሩ ሁለት አልጋዎች ከትናንት ጀምሮ የሉም። ዕድሜያቸው በውል አይታወቅም። ከብረት የተሠሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ፣ ሰው ሲገላበጥባቸው የሚያቃስቱ ነበሩ። ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ።

የመኖሪያ አገልግሎት ኃላፊው ግን መጽናናት አልፈለገም። ዛሬ ጠዋት «ሁለቱ አልጋዎች የት እንደገቡ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ብሎ ለእህቴ ለእታለም ደብዳቤ ጻፈ። ይሄን ሰውዬ ማኅተም ነው የምለው። የቢሮውን ማኅተም በኮቱ የደረት ኪስ ይዞት ነው የሚዞረው፤ ምሳ ሲበላ እንኳ በየመሀሉ ደረቱን ዳሰስ ያደርጋል።

አልጋዎቹ የት እንዳሉ እኔ አውቃለሁ። ድሮም የነበሩበት ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። የዚህ የወንድ ተማሪዎች ማደሪያ ፕሮክተር ናት፤ ቁልፍ ትሰጣለች፣ ፍራሽ ትቆጥራለች፣ የተጣላ ታስታርቃለች። የስድስት ወር ሙከራ ላይ ነች፣ አምስተኛው ሊያልቅ ነው። «ሴት የወንድ ሕንፃ ትችላለች ወይ?» ያሉ ሰዎች እስካሁን መልሱን እየጠበቁ ነው። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍላችን ከሥራዋ ጋር የተሰጠች ስለሆነች ሥራው ከሄደ ክፍሏም አብራ ትሄዳለች። እኔ የሕንፃው ጥገና ነኝ፤ ቁልፍ፣ አምፖል፣ ቧንቧ፣ የበር ማጠፊያ። ትምህርቴ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሁለት ጊዜ ስለተማርኩት ግን ሲደመር አሥራ ስምንተኛ ነው፤ ከነዚህ ተማሪዎች እበልጣለሁ።

ባለፈው ረቡዕ የ304 እና የ306 በር ላይ ያሉት የቁጥር ሰሌዳዎች ላልተው ነበር። ሁለቱንም ፈታኋቸው። መልሼ ሳስር የአንዱን በአንዱ ላይ አሰርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ። 304 ውስጥ ሊቁ የሚኖርበት አልጋ አለ። ሊቁ ተመራቂ ነው፤ አምፖል ስቀይርለት እንኳ መሰላሉ ሥር ቆሞ የብርሃንን ባሕርይ ያስረዳኛል። እስከ ማታ ቁጥሩን ያየዋል፣ ይጮኻል፣ እኔም እስቃለሁ ብዬ ነው። አላየም። አብረውት የሚኖሩት አምስቱም አላዩም። የጎረቤት ክፍል አራቱም አላዩም። የተማረ ሰው የራሱን በር አያነብም።

በማግስቱ እታለም ሁሉን ከፋች ቁልፏን ይዛ፣ ተማሪው ትምህርት ላይ ባለበት ሰዓት ለንብረት ቆጠራ ወጣች። የመጀመሪያ ቆጠራዋ ነው። በር ላይ ያየችውን ቁጥር ጻፈች፣ ውስጥ ያየችውን አልጋ ጻፈች። 304 ስድስት አልጋ ነው ያላት። 306 ግን የቧንቧ መውረጃው ጎኗን ስለበላት አራት ብቻ ነው የተመደበላት። ሕንፃው ሰማንያ ስምንት ክፍል ነው፤ የትኛዋ ጠባብ እንደሆነች ማን በቃሉ ይይዛል? ትናንት ንብረት ክፍል የእሷን ወረቀት ከድሮው መዝገብ ጋር ሲያስተያይ ከ304 ሁለት አልጋ ጠፋ፣ 306 ላይ ሁለት አልጋ በቀለ።

ስለዚህ እኔ አልጋ አልሰረቅሁም። ይሄ ይያዝልኝ።

ሐሙስ 14

ምሳ ሰዓት። ሁሉም ካፌ ሄዷል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ፈጀብኝ። ሰሌዳዎቹ በየቦታቸው ናቸው።

ነገ ማኅተም ራሱ መጥቶ ያያል ተብሏል። ይመጣል፣ ስድስቱን አልጋ ያገኛል፣ ያፍራል፣ ይሄዳል። ሳልዋሽ ጎበዝ ነኝ።

ዓርብ 15

ጎበዝ አይደለሁም።

ማኅተም ከንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ጋር መጣ። ይሄን ሽማግሌ ሁሉም አባባ ንብረት ነው የሚለው። እኔ መሰላል ተሸክሜ በአጋጣሚ በዚያ ሳልፍ ነበር፤ አጋጣሚውን ግማሽ ሰዓት ቆሜ ነው የጠበቅሁት። ማኅተም 304ን አስከፈተና ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረ።

«ስድስት» አለ።

እታለም በሩን አየች፣ አልጋውን አየች፣ ተመልሳ በሩን አየች።

«እኔ አራት ነው የቆጠርኩት።»

«ይኸው ስድስት ነው።»

«ያን ቀን አራት ነበር።»

«እንግዲህ ልጄ፣ ከሁለት አንዱ ነው።» ማኅተም ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የሚያስፈራው። «ወይ ያን ቀን ሳትቆጥሪ ከልብሽ አውጥተሽ ጽፈሻል። ወይ ደግሞ 306 ውስጥ ሁለት ደባል አስተኝተሽ ነበር፤ ደብዳቤዬ ሲደርስሽ ሰዎቹን አስወጥተሽ አልጋውን አስመልሰሻል። የትኛው ነው?»

«የትኛውም አይደለም።»

«ሦስተኛ የለማ።»

ሦስተኛው አጠገባቸው መሰላል ተሸክሞ ቆሞ ነበር።

አባባ ንብረት አልጋውን በእጁ ነቅነቅ አደረገውና «ይሄ ለአራት ሰው ይከብዳል እኮ፤ ይቺ ልጅ በምን አቅሟ ታነሳዋለች?» አለ።

«አግዘዋት ነዋ። ሕንፃው ሙሉ ወንድ አይደል?» አለ ማኅተም።

ማንም አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ሰው የማይስቅበት ቦታ ላይ እኔ እስቃለሁ። ዛሬ መሰላሉ ከበደኝ።

ሰሌዳውን ባልመልሰው ኖሮ መጥተው አራት አልጋ ያገኙ ነበር፤ ቢያንስ ከእሷ ወረቀት ጋር ይገጥም ነበር። ሌላው ሰው አንዴ ያበላሻል። እኔ አስተካክላለሁ ብዬ ደገምኩት።

ቅዳሜ 16

ደረጃው ላይ የሰማሁት፦

«ፕሮክተሯ ሁለት ሰው ደብቃ ነበር አሉ።»

«ዘመዶቿ ናቸው አሉ።»

«እኔ አንዱን ሻወር ቤት አይቼዋለሁ። ፊቱ የሰረቀ ሰው ፊት ነው።»

ሻወር ቤት ያየው እኔን ነው።

እሑድ 17

ዛሬ ሥራ ስለሌለ በሰፊው ልጻፍ።

እታለም መቁጠር ጀምራለች። እስከ አንደኛ ፎቅ ያለው ደረጃ ሃያ ሁለት ነው። ወጥታ ቆጠረች፣ ወርዳ ቆጠረች፣ ደግማ ወጣች። ቁልፍ መስቀያው ላይ ያሉትን ምስማሮች ቆጠረች። ቁርስ ላይ ሁለት ሹካ አቅርባ «ሁለት ናቸው አይደል?» አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ሦስት ናቸው እላት ነበር። ሁለት ናቸው አልኳት።

ሳህን ማጠብም አብዝታለች። ሁለት ሰው የበላበትን ሳህን ሦስቴ ታጥባለች፤ በሩን ዘግታ፣ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ። ውሃ ባከነ እኮ አልኳት በበሩ። ዓይኗ ቀልቶ ወጣችና «ሳሙና ገባብኝ» አለች። ሳሙና ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የለም።

ከሰዓት በኋላ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አንተ፣ እማዬ እንዴት ነበር የጀመራት?» አለችኝ።

እናታችን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነገር ሁሉ ይጠፋባት ነበር።

«እማዬማ ጤነኛ ሆናም የእኔንና ያንቺን ስም ታቀያይር ነበር» አልኳት፣ ትስቅ እንደሆነ ብዬ።

«እኔ አራት አልጋ አይቻለሁ። በእጄ ነክቻቸዋለሁ። እንዴት ነው ስድስት የሆኑት? ገና ሠላሳ አልሞላኝም እኮ።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «ድካም ነው፤ ተኚ» የሚል ነው።

እሷ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ትምህርቷን ያቋረጠችው እኔን ልታስተምር ነው። እኔ ያቋረጥኩት ለማንም ብዬ አይደለም።

ሰኞ 18

ደብዳቤ ቁጥር ሁለት። ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር በ2 ይቀመጣል። ቋሚ ትሁን ወይስ ትሰናበት፣ ያን ቀን ይወሰናል። ዋናው ጥያቄ አልጋው ነው።

ነገ እናገራለሁ።

ማክሰኞ 19

አልተናገርኩም። የሊቁ ክፍል ቧንቧ ስለተደፈነ መጀመሪያ እሱ ላይ ሞከርኩት።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት፣ እጄ እስከ ክርኔ ቧንቧው ውስጥ እንዳለ። «አንድ ሰው የሁለት በር ቁጥር ቢያቀያይር፣ ስንት ቀን ሳይታወቅ ይቆያል?»

«አንድም ቀን። አንድም ሰዓት!» አለ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ። «የሰው ልጅ አእምሮ ለመኖሪያው ምልክት ልዩ ትኩረት ይሰጣል። አንተ ይሄን አታውቀውም።»

«እውነትህን ነው፣ አላውቀውም።»

«ለምሳሌ የእኔ በር ላይ ቢደረግ ገና ከደረጃው ሳልወጣ ነው የማውቀው።»

ስምንት ቀን ሙሉ 306 የሚል በር ከፍቶ ሲገባ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ይሄ ሊቅ ካላመነኝ ማኅተም እንዴት ያምነኛል? ያውም እኔን! በዚህ ግቢ ውስጥ እውነት ተናግሬ የማውቀው የቧንቧ ልክ ሲጠይቁኝ ብቻ ነው።

ሐሙስ 21

ስሜን ሳልጽፍ ነገሩን በወረቀት ጽፌ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ የሳጥኑ ቁልፍ በእኔ እጅ እንዳለ ትዝ አለኝ። ሳጥኑን የሚከፍት ሰው የለም ማለት ነው። ከፈትኩት። ከተሰቀለ ጀምሮ አራት ወረቀት ገብቶበታል። አንዱ የዛሬው ነው። ሦስቱ የድሮ የራሴ ናቸው፤ አንደኛው የመዋኛ ገንዳ ይቆፈርልን ይላል።

ነገ እናገራለሁ።

ዓርብ 22

ዝናብ። ጣሪያ ያፈስሳል። የ412፣ የ415፣ የ416። ጊዜ የለም።

እሑድ 24

እታለም ገላዋን ልትታጠብ በሄደችበት ፍራሽ ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር ወረቀት አገኘሁ። አላነበብኩትም። ሁለት ጊዜ አላነበብኩትም። «በገዛ ፈቃዴ ከሥራ ለመሰናበት» ይላል። የተጻፈበት ቀን የለም፤ ቀኑ ሲመጣ ልትሞላው ነው።

ስትመለስ «ቢያሰናብቱሽስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት፣ እንደዋዛ።

«አያሰናብቱኝም። ቀድሜያቸው እወጣለሁ።»

«ለምን? አራት ነው የቆጠርኩት እያልሽ?»

«የቆጠርኩትን እርግጠኛ ሳልሆን የሰው ንብረት አልይዝም። ዛሬ አልጋ ነው፣ ነገ ሰው ቢጎድልብኝስ?»

ፎጣዋን በደንብ አሰጣች። ጫፍና ጫፉን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

ዘንድሮ የሠራኋቸውን ቀልዶች በልቤ ዘረዘርኳቸው። ብዙዎቹ አያስቁም። ሊፍት ሊገባ ነው ብዬ ስም የመዘገብኩት ብቻ ትንሽ ያስቃል።

ሰኞ 25

ጠዋት ሰው ሳይገባ አስተዳደር ሕንፃ ሥራ ነበረኝ። ሁለት ደቂቃ ተኩል። ዝርዝሩ አይጻፍም።

ማክሰኞ 26

ማኅተም ገባ። ማኅተም ከቢሮው ወጣ። ማኅተም ገባ።

ረቡዕ 27

ማኅተም ገባ። አባባ ንብረት ገባ፣ ወጣ፣ ገባ። ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው አንኳኩቶ ገባ። እኔ ኮሪደሩ ላይ አንዲት አምፖል ሳጠብቅ ዋልኩ። እንደዚች የጠበቀች አምፖል በዚህ ግቢ የለችም።

ሐሙስ 28

የአስተዳደር ሕንፃ የጽዳት ሠራተኛዋ ዛሬ አዲስ ሻርፕ አድርጋ መጣች። ሰላም ስላት ራሷን ብቻ ነቀነቀችልኝ፣ እንደ አለቃ።

የትናንቷን አምፖል እንደገና አጠበቅኋት።  

ዓርብ 29

እታለምን ቃሏን በጽሑፍ እንድትሰጥ ጠርተዋት ነበር። ቢሮው ውስጥ ማኅተም፣ አባባ ንብረትና እሷ አሉ። ሳልጠራ ገባሁ።

«አምፖል አልጠራንም» አለ ማኅተም።

«አልጋውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ጋሼ።»

ነገርኩት። የመጀመሪያውን ረቡዕ፣ የሐሙሱን ቆጠራ፣ ሰሌዳውን የመለስኩበትን የምሳ ሰዓት። ሲነገር አንድ ደቂቃ አይሞላም። ይቺን አንዲት ደቂቃ ነው ሁለት ሳምንት ይዣት የዞርኩት። እታለም አላየችኝም። እስክሪብቶዋን አየች።

ማኅተም ወንበሩን ደገፍ አለ።

«አንተ ያኔ የእሳት አደጋ ልምምድ ነው ብለህ አንድ ፎቅ ሙሉ ተማሪ በፎጣ ሜዳ ያስወጣኸው ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ ጋሼ።»

«ሊፍት ሊገባ ነው ብለህ ስም የመዘገብከውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዛሬ በምኔ ልመንህ? እህትህ ናት፣ አሳዘነችህ፣ ልታድናት መጣህ። ወንድምነት ነው፣ ደግ አደረግህ። ግን ውሸት ስትዋሽ እንኳ ልክ ይኑረው እንጂ! አሥር ሰው በሩ ላይ የሌላ ክፍል ቁጥር ተለጥፎ ስምንት ቀን ሙሉ ሲገባ ሲወጣ አያይም? ዓይን የለውም?»

«አያይም ጋሼ።»

«ሰው ነው እኮ የምልህ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እስቲ ወጥተው የራስዎን በር ይዩት።»

ወጣ። ተከትለነው ወጣን። በሩ ላይ «የጽዳት ዕቃ ማስቀመጫ» ይላል። ከጎኑ፣ ባልዲና መወልወያ የሚቀመጥባት ጠባብ በር ላይ ደግሞ «የመኖሪያ አገልግሎት ኃላፊ» ይላል።

ቆመ። ደረቱን ዳሰስ አደረገ። ማኅተሙ በቦታው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«አምስት ቀን!»

«አምስት ቀን።»

«ምክትል ፕሬዚዳንቱ ረቡዕ መጥተው ነበር እኮ!»

«አይቻቸዋለሁ። አንኳኩተው ነው የገቡት።»

አባባ ንብረት «እኔም በቀን አራቴ እመላለሳለሁ» አለና መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር፣ ጥፋቱ የመነጽሩ እንዲሆን።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ በኮሪደሩ መጣች። ማኅተም ወደ በሩ እያመለከተ «አንቺም አላየሽም?» አላት።

«ሰኞ ጠዋት ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሹመት መስሎኝ ነዋ። ደብዳቤው እስኪደርሰኝ እየጠበቅሁ ነው።»

አባባ ንብረት ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ማኅተም አልሳቀም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሁኑኑ ፍታው!» አለኝ። ድምፁ ከፍ ሲል አያስፈራም።

ዞር ስል እታለም የለችም። እስክሪብቶዋ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።

ቅዳሜ 30

ቁርስ ላይ።

«አራት ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«304 የሚለው በር ውስጥ። ያን ቀን።»

«አራት ነበር።»

«በትክክል ነው የቆጠርኩት።»

«አንዲትም አልሳትሽም፣ እታለም።»

 ትከሻዋ ወረድ አለ፣ የተሸከመችውን ያስቀመጠች ይመስል። ከዚያ ሻይ ለራሷ ብቻ ቀዳችና «ከዛሬ ጀምሮ አላናግርህም» አለች።

«እስከ መቼ?»

አልመለሰችም። ጀምራለች ማለት ነው።

ማክሰኞ 3

በወረቀት ነው የምታዘኝ። «የ112 ቧንቧ ያንጠባጥባል።» ሠርቼ ስመጣ ሌላ ወረቀት፦ «አሁንም ያንጠባጥባል።» ትናንት ኮሚቴው ተቀምጧል። ምን እንዳሉ አልነገረችኝም፤ በወረቀትም አልጻፈችልኝም። ከትራሷ ሥር ያለውን አላየሁም። ዛሬ በእውነት አላየሁም።

ረቡዕ 4

ቃለ ጉባኤው ተለጠፈ። ከአሥራ አንዱ አጀንዳ የእኛ ስምንተኛው ነው። ሰባተኛው ካፌ ውስጥ የወለደችው ድመት ጉዳይ ነው፤ ስድስት መስመር ወስዷል። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «በ304 እና በ306 መካከል የታየው ልዩነት የተስተካከለ በመሆኑ ታልፏል፤ የፕሮክተሯ ቋሚ ቅጥር ጸድቋል።» ቀጥሎ ስለ ሳሙና ነው።

ለእኔ ለብቻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ማኅተሙ ሁለት ቦታ አርፎበታል። ብሎን መፍቻዬ አባባ ንብረት ዘንድ ተቀምጦ፣ ስፈልገው ፈርሜ እንድወስድ ተወስኗል። ዛሬ ሦስቴ ፈርሜያለሁ። በየፊርማው «የማን በር ነው?» ይለኛል፣ እየሳቀ።

እታለም ዛሬ እስከ ረፋድ ተኛች። አምስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ከተማሪ በኋላ ተነስታ አታውቅም። የቁልፍ መስኮቱ ላይ እሷን ተክቼ ቆምኩ። ሊቁ ቁልፉን ሊያስረክብ መጥቶ አንገቱን በመስኮቱ አስገባ።

«እኔ የምለው፣ ሰሞኑን እናንተ ዘንድ ምን ሆኖ ነው? ሕንፃው ሙሉ ስለ እናንተ ያወራል።»

እውነቱን ልነግረው አሰብኩ። ሳስበው የጠፋ አልጋ የለም፣ የተባረረ ሰው የለም፣ ከድመቷም እናንሳለን።

«ኧረ ምንም» አልኩት። «በጣም ትንሽ ነገር ናት። ድምፅህን ብቻ ቀንስ፣ ተኝታለች።»